ስለ ካሻን የሚጠይቁኝ አከራዬ

ሳጉሬ ከተማ በመምህርነት ተመድቤ ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ ኖሬያለሁ። አከራዬ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የራቁባቸው የገብስ ነጋዴ ነበሩ። ግቢው ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። እኔ ደግሞ ዝውውሬን ነው የምጠብቀው፤ ነገ ከምለየው ሰው ጋር ምን አላመደኝ?

ጓደኛዬ፣ አሰላ ከተማ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ነበር። ስለ ካሻን ነው፣ ስለ ጥንቷ የፋርስ ከተማ። ሐሩን፣ ምንጣፉን፣ የጽጌረዳ ውሃውን፣ ሲራራ ነጋዴ ግመሉን አስሮ የሚያድርበትን ግቢ ሳይቀር በቃሌ ይዤዋለሁ። አንድ ቀን አፌ አዳልጦኝ ለአከራዬ አወራሁላቸው። አለቀልኝ! ከዚያ ወዲያ ከገበያ በተመለሱ ቁጥር ደጃፌ ላይ ናቸው።

«መምህር፣ እነዚያ ሰዎች ውሃ ከየት ያመጣሉ?»

«ከተራራ ሥር፣ በቦይ ነው አባባ።»

«ግመሉ መንገድ ላይ ሲደክምስ ጭነቱን ምን ያደርጉታል?»

አንዳንዴ እመልሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን «ደብተር እያረምኩ ነው» ብዬ በሩን መለስ አደርጋለሁ።

መጨረሻ የመጡ ዕለት እያሳላቸው ነበር። «በሰው አገር የታመመን ነጋዴ ማን ያስታምመዋል?» አሉኝ።

«መጽሐፉ አይልም» አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ አይልም።

በሳምንቱ ሞቱ። ልጆቻቸው ገና መንገድ ላይ ሳሉ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ወረቀት ይዘው መጡ። «መምህር፣ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን እርስዎ ይጻፉልን። እኛ ብዙም አናውቅላቸውም፤ ከሰው ጋር አያወሩም ነበር እኮ» አሉኝ።

ከሰው ጋር አያወሩም? ከእኔ ደጃፍ ግን ጠፍተው አያውቁም።

ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። የት ተወለዱ? ንግዱን በምን ጀመሩ? የሚስታቸው ስም ማን ነበር? አንዱንም አላውቅም! ካሻን ውስጥ ሐር በምን እንደሚነከር አውቃለሁ፤ ከግድግዳዬ ማዶ ስድስት ዓመት የኖሩትን ሰው ግን አላውቃቸውም። ታሪክ አስተማሪ ነኝ እንግዲህ! በራሴ አፈርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መቃብሩ አጠገብ ቆሜ ያነበብኩት የጠየቁኝን ጥያቄ ነው፤ ሌላ ምን ነበረኝ? ውሃ ከየት ያመጣሉ፣ ግመሉ ሲደክም ምን ያደርጋሉ እያልኩ ወረድኩ። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ወረቀቱን ተቀበሉኝና «በሰው አገር የታመመን ነጋዴ ማን ያስታምመዋል?» ሲሉ ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ መልሱን ፍለጋ ወረቀቱን ገለበጡት።