መብራቱን ያጠብኩ ጊዜ

ባለፈው ሐሙስ የልጅ ልጄ ኮምቦልቻ አዲስ የተከፈተ ካፌ ወስዳኝ፣ ጠረጴዛችን ላይ ባለ ብዙ ቀለም መስታወት የተደፋበት መብራት አገኘሁ። ጭማቂዬን ትቼ የመስታወቱን መጋጠሚያ በጣቴ ስዳብስ፣ «እማ፣ ሰው እያየን ነው» አለችኝ። መጋጠሚያ እንኳ የለውም፤ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። ቢሆንም ልቤን ይዞት ቤሩት ገባ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ከመጀመሪያዋ ማዳሜ ቤት ወጥቼ፣ ያለ መኖሪያ ወረቀት፣ ቡርጅ ሐሙድ የሚባል ሰፈር ከአገሬ ልጅ ከሰዓዳ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ በተመላላሽነት እሠራለሁ። አንዷ አሠሪዬ ሳሎኗ ውስጥ ከእናቷ የቀረላት መብራት ነበራት። ቀይ አበባና አረንጓዴ ቅጠል የሆነ መስታወት እንደ ጃንጥላ ተደፍቶ፣ በየቁራጩ መሃል ጥቁር መስመር ይሄዳል። ነሐሴ ላይ ቤተሰቡ ሙቀቱን ሸሽቶ ተራራ ሲወጣ ቁልፉን ሰጠችኝና፣ «እሁድ ስመለስ ቤቱ አብርቶ ልየው» አለች።

እኔ ደግሞ ጥቁር ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። ድስት እንደማነጣው በሎሚና በጨው ብዬ መስመሩን በሽቦ ፈተግኩት። እንደ ብር ነጣ። ደስ ብሎኝ ባበራው አበባው ጠፋ። ነጩ መስመር ዓይን እየሳበ ቀለሙን ዋጠው። ጥቁሩ እድፍ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። ማዳም ከተቆጣች አንድ ስልክ ይበቃታል፤ ወረቀት ለሌላት ሰው እስር ነው፣ ከዚያ አውሮፕላን።

ሰዓዳ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ያኒ፣ የማዳምሽን እናት ከመቃብር አውጥተሽ አጠብሻት በይኛ።» ሳቋ ሲያልቅ፣ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ መስታወት የሚሠራ አርመን አለ፣ ሂጂ» አለችኝ።

በማግስቱ መብራቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በሰርቪስ ታክሲ እንደ ሕፃን ታቅፌ ወሰድኩት። ዛዕተር የሚሉት ቅመም የተነሰነሰበት ዳቦ ሽታ ሰፈሩን ሞልቶታል።

አርመኑ ባለሙያ፣ ሙዓሊም ሃጎፕ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አገላብጦ አየው።

«ማነው እንዲህ ያጸዳው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ ነሽ፣ ቢንቲ፣ ልጄ። ድስት ቢሆን ኖሮ።»

ከዚያ የጀመረውን ሥራ አሳየኝ። ወረቀት ላይ አበባ ተስሏል፣ እያንዳንዱ ቅጠል ቁጥር አለው። መስታወቱን ጭሮ በሁለት እጁ ሲጫነው ልክ በጭረቱ ተከፈለ። ጠርዙን በስስ የመዳብ ጥብጣብ ጠቀለለው፤ እዚህ ሬዲዮ ጠጋኞች እስታኞ የሚሉትን መበየጃ አቅልጦ ቁራጮቹን ገጠማቸው። መስመሩ በመድኃኒት የሚጠቁረው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀለሙ ጎልቶ እንዲወጣ። ድሮ አሜሪካ፣ አምፖል ገና አዲስ ሳለ፣ ለእንዲህ ያሉ መብራቶች መስታወቱን የሚመርጡትና የሚቆርጡት ሴቶች ነበሩ አለኝ።

«እንደ እኔ ያሉ?»

«ወጣቶች፣ ሠርተው የሚያድሩ። ስማቸውን መብራቱ ላይ የጻፈ የለም። ያላ፣ ያነጣሽውን አንቺው አጥቁሪው።»

ጓንት አልብሶ ያን ማጥቆሪያ፣ ሰማያዊ ፈሳሽ፣ የነካ ጥጥ ሰጠኝ። መስመሩ ከእጄ ሥር እየጠቆረ ሄደ። አጥቦ አድርቆ ሲያበራው ቀዩ አበባ ከመስታወቱ የወጣ መሰለኝ። ሱብሐነላህ አልኩ። እነዚያ ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች መሃል ያለሁ ያህል እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለድካሙ ወለሉን ጠርጌለት መብራቱን ይዤ ወጣሁ።

እሁድ ጥፋቴን የምናዘዝበትን ቃል በዓረብኛ አጥንቼ ጠበቅኋት። ማዳም መብራቱን አበራችና ጠጋ ብላ አየችው።

«እናቴ ሳለች እንዲህ ነበር። ምን አደረግሽው?»

«አጠብኩት፣ ማዳም።»

«ሜርሲ» ብላ አመሰገነችኝ፣ ኸላስ፣ በቃ። ያጠናሁትን ቃል ሳልናገር ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ይህን ካፌው ውስጥ ተርኬላት ስጨርስ የልጅ ልጄ፣ «አልነገርሻትም ማለት ነው?» አለችኝ። አልነገርኳትም። ያን ቀን ከመባረር ተረፍኩ ብዬ የሰላም እንቅልፍ ተኛሁ። ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ጥፋቴን ለመደበቅ አፌን ስዘጋ ያየሁትን ድንቅ ነገርም አብሬ ዘጋሁባት። ማዳም በየምሽቱ እዚያ መብራት ሥር ትቀመጥ ነበር፤ እንዲህ ያለውን መስታወት ድሮ የእነማን እጅ ይቆርጠው እንደነበር የሚነግራት ሰው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።