አንድ ጣት ያጠሩ ሱሪዎች

ቀረጥ ተነሣ የተባለው በሐምሌ ነበር። ወይስ በግንቦት? የሜትሬ ሚስት በግንቦት ነው ትላለች፤ ያን ቀን ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሏቸው የሱቁን በር በድንጋይ አስደግፈው ከፍተውት እንደነበር ታስታውሳለች። ሜትሬ ግን ዝናብ ነበር ብሎ ይምላል። የቆርቆሮው ጩኸት ሬዲዮኑን አላሰማ ብሎ ቀጮ ተነሥቶ ጆሮውን ሲለጥፍበት ዛሬም ድረስ ይታየዋል። ወሩ ቢጠፋበትም ያ ጎንበስ ያለ ጀርባ አልጠፋበትም።

ሜትሬ ልብስ ሰፊ ነው። ሐኪም ቤት ሲሄድ እንኳ የልክ መውሰጃው ሜትር ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈሩ ሜትሬ አለው፤ ስሙ ሆኖ ቀረ። ቀጮ ደግሞ የሥራ ባልደረባው ነበር። በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጀርባና ጀርባ ተቀምጠው፣ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ሲሰፋ፣ የስንቱን ሰው ሱሪ እንደሠሩ እነሱም አያውቁት።

ሬዲዮኑ የሚያወራው ስለ ነፃ የንግድ ስምምነት ነበር። ከተፈራረሙት አገሮች የሚመጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ የኛም ያለ ቀረጥ እነሱ ዘንድ ይገባል። ሜትሬ ደስ አለው።

«በል እንግዲህ፣ ሱሪያችን ባሕር ሊሻገር ነው» አለ።

«ዋና ይችላል?» አለ ቀጮ።

«አንተ ቀልድ። ስፌታችንን ሲያዩት ይገባቸዋል።»

«ወንድሜ፣ እኛ ያንዱን ሱሪ ዚፕ ገጥመን ሳንጨርስ እነሱ መርከብ ሞልተው ይልካሉ። ሱሪው የሚሻገረው ወደዚህ ነው።»

ቀጮ ብዙም አልቆየ። የስፌት መኪናውን ሸጠ፣ ከወንድሙ ተበደረ፣ መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊት የተዘጋጁ ሱሪዎች የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። ቢያታልል፣ ቢሰርቅ፣ የሰው መብት ቢነካ ለሜትሬ በቀለለው ነበር፤ ሰድቦት ይወጣለት ነበር። ሰውየው ግን ያደረገው ነገር ቢኖር በደንብ መስማት ብቻ ነው። አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ዝናብ፤ እሱ የሰማውን እኔ ምን ደፍኖኝ ሳልሰማ ቀረሁ እያለ አንጀቱ እርር ድብን ይል ጀመር።

ሱሪው እንደተባለው መጣ። መጀመሪያ ወጣቶቹ ቀሩበት፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ ቀረበት። ጨርቁን የሚሸምነው ፋብሪካ ሠራተኞቹን እያሰናበተ አንዱን ሕንፃ ዘጋ። በዚያው መንገድ ከነበሩት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ዘበኛ ሆነ፣ አንዱ ታክሲ ያዘ፣ አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። ሜትሬ ይህን ለሚስቱ ሲዘረዝርላት እሷ አንድ ጊዜ ብቻ መለሰችለት።

«አንተ ሰውዬ፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ መቀመጫው የተጣፈ ሱሪ ለብሶ ነው ያረጀው። ዘንድሮ አዲስ ለበሰ። ሰው በመልበሱ ትከፋለህ?»

«በመልበሱ አልከፋሁም።»

«ታዲያ በምንድን ነው?»

ከቀጮ ሱቅ በመግዛቱ ነው ሊላት አልቻለም።

ከስፌት መኪናው ቀና ሲል የሚያየው የቀጮን ሱቅ ነው። ቁመት ሙሉ የሚያሳየው መስታወት፣ በቀን የሚበራው መብራት፣ እየሳቀ የሚወጣው ደንበኛ፣ ሁሉም ዐይኑ ውስጥ ይገባል። ቀጮ ወፍሯል። ሆዱ ከቀበቶው በላይ ሲመጣ እንኳ ሰው ቀጮ ማለቱን አልተወም፤ ይሄም ያበሽቀዋል። የሰው ነገር ሁሉ ሲለወጥ የሱ ስም እንኳ ሳይለወጥ ይደላዋል።

የባሰው ደግሞ የሜትሬ እንጀራም በቀጮ አፍ መምጣቱ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሱሪ የተቆረጠው ለረዣዥም ሰዎች ነው፤ እዚህ ሲለበስ መሬት ይጠርጋል። ቀጮ ሱሪውን ይሸጥና «ለማሳጠር ከማዶ ጋሽ ሜትሬ ዘንድ ሂዱ፣ በእጁ የሚደርስበት የለም» እያለ ይልክለታል። ሜትሬ ልክ ይወስዳል፣ በጠመኔ ያሰምራል፣ ይቆርጣል። የምትቀመቅመው ቀጮ በተወው ወንበር ላይ የተቀመጠችው የሜትሬ ትልቋ ልጅ ናት። የልጅቷ ስፌት ከሱም ይጠራል። ይህንን ለጎረቤት ሁሉ አውርቷል፤ ለሷ ብቻ አልነገራትም።

አንድ ቀን የተሠራ ሱሪ አድርሳ ስትመለስ «አባዬ፣ ጋሼ ቀጮ እኮ ይገርማል» አለችው። «ሁሉን ቀድሞ ያየ ሰው ነው።»

ሜትሬ ጠመኔውን አነሣ። ቀጥሎ በመጣው ሱሪ ላይ መስመሩ ከልኩ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ተሰመረ። ለራሱ እጄ ስቶ ነው አለ። በማግስቱም ሳተ። ባለ ሱሪው ቤቱ ሄዶ ሲቀመጥ ቅልጥሙ ይታያል፤ የውጭ ሱሪ ሲታጠብ ይሰበሰባል ብሎ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም ወደ ሻጩ ነው።

ልጅቷ ሱሪውን ይዛ መስመሩን አየች፣ አባቷን አየች።

«አባዬ፣ ይሄ አልበዛም?»

«ስፊ።»

ሰፋች።

ከማዶ ጭቅጭቅ መሰማት ጀመረ። ሜትሬ ጉሮሮው እንደ ረጠበለት ሰው ሆኖ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ግን ቀጮ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ ገባ። ክንዱ ላይ ያንጠለጠለውን ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና፣ ዱሮ ሁለቱ ሥራ ሲመረምሩ እንደሚያደርጉት፣ አውራ ጣቱን ከቅምቅማቱ ላይ አሳረፈ። ልጅቷ ከመኪናዋ ቀና አላለችም።

«እጅህ ደክሟል መሰለኝ» አለ ቀጮ። ቁጣ የለበትም።

ሌላው መልስ ከዚህ የከፋ ነበርና ሜትሬ «ደክሟል» አለ።

«መቼም እርጅና ለማንም አይቀር። እንግዲያስ አላስቸግርህም። አንድ መኪና ገዝቼ እዚያው አስቀምጣለሁ። ልጅቷን ስጠኝ፤ ደመወዟን ከጠየቅኸኝ በላይ አደርጋለሁ።»

ልብስ ሰፊ በገዛ አፉ እጄ ደክሟል ካለ በኋላ ምን ይከራከራል? ልጅቷም አባቷ አፉን እስኪከፍት ጠበቀች። ሳይከፍት ሲቀር የመኪናዋን ልባስ አለበሰችና ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ሱሪ ወደ ሜትሬ አይሻገርም። እሱ ቁልፍ ይተክላል፣ የትራስ ልብስ ይሰፋል፣ ከመስታወቱ ሥር የምትታየውን የልጁን ትከሻ ይመለከታል። ቀጮ አጠገቧ ቆሞ በጣቱ የሆነ ነገር ሲያሳያት፣ እሷም ራሷን ስትነቀንቅ ያያል። ያ ነገር ምን ይሆን? ያን እኮ እኔ ነኝ ያሳየኋት።

ሌሊት የማያስተኛው አንድ ጥያቄ ነው። የዚያችን አንድ ጣት ነገር ለቀጮ ነግራው ነው ወይስ ራሱ አይቶት? ነግራው ከሆነ ልጁን የቀማው ገና ከዚህ ሱቅ ሳትወጣ ነው። ራሱ አይቶት ከሆነ ደግሞ፣ መቀስ ከተወ ስንት ዘመኑ፣ ሰውየው ዐይኑም አብሮት አለ ማለት ነው። የትኛው እንደሚሻለው ሜትሬ አያውቅም። ማወቅ ግን ይፈልጋል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ልጅቷ መጣች። ቀጭኗን መቀሷን ፈልጋ ነው። ከመሳቢያው አወጣችና በመሀረብ ጠቀለለቻት፤ ወዲያው ግን አልሄደችም። የዱሮ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ የትራሱን ልብስ አገላብጣ አየች።

«ክሩ ላልቷል፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ላጥብቅልህ?»

«ተይው» አላት። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ጠቀለለው፣ ፈታው። «ስሚ፣ ያኔ ቀጮ ሱሪውን ይዞ ሲመጣ…»

«ልጄ፣ ሰው መጥቷል» የሚል የቀጮ ድምፅ ከማዶ ተሰማ።

«መጣሁ» አለች፤ መቀሷን ይዛ መንገዱን ተሻገረች።