ድዴ የደማበት ዓመት

ዛሬ ጠዋት ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ትንሽ ደማ። ብሩሹ ጠንክሮብኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ግን ያ የዝገት ጣዕም ምላሴ ላይ ሲያርፍ፣ ደሴ ካለው ቤቴ አንሥቶ መካነ ሰላም፣ ያች አንዲት ጠባብ መስኮት ያላት የኪራይ ክፍል ውስጥ አስቀመጠኝ።

አሥረኛ ክፍል ነበርሁ። ከወግዲ ገጠር አብራኝ ከመጣች ያገሬ ልጅ ጋር ነበር ክፍሏን የተከራየነው። እሷ እያለች በገበያ ቀን ወጥተን ጎመንና ቲማቲም እንገዛለን፤ እሷ ትከትፋለች፣ እኔ እሳት አነዳለሁ። እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ጭሱ ሁለታችንንም ደጅ ያወጣናል፤ ዓይናችንን እያሸን እንስቃለን። ጥር ላይ ለዕረፍት አገር ቤት ገባንና ብቻዬን ተመለስሁ። እሷ ዓረብ አገር አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ነበር። "እንደደረስሁ እደውልልሻለሁ" አለችኝ። አልደወለችም።

ምን ልበላችሁ፣ ለብቻ ወጥ መሥራት እንዴት እንደሚያስጠላ ብቻውን ያልኖረ አያውቀውም። እናቴ የላከችልኝን ድርቆሽ በውኃ አርሼ፣ በርበሬ ነስንሼ እበላለሁ፤ ሲሰለቸኝ በሶ እበጠብጣለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሬን ዘግቼ፣ ከግድግዳው ማዶ የአከራዬን ራዲዮ አዳምጣለሁ። አከራዬ ልጆቻቸው ሁሉ ርቀው የሄዱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ጧት "እንዴት አደሩ" እላለሁ፤ "አልሃምዱሊላህ" ይላሉ። ከዚያ ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

ሚያዝያ ላይ ድዴ ያብጥ ጀመር። ስነቃ ትራሴ ላይ የደም ጠብታ አገኛለሁ። እግሬ ሳልመታው ይበልዛል፤ የትምህርት ቤቱን አቀበት ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። አፌ መሽተቱን ስለማውቅ ከሰው ጋር ማውራት ተውሁ፤ ክፍል ውስጥ የሻርፔን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ለቤተሰብ ትንፍሽ አላልሁም። አባቴ ከሰማ "ትምህርቱ ይቅርብሽ፣ ጤናሽ ይበልጣል" ብሎ ይወስደኛል፤ ቤት ከገባሁ ደግሞ ሽማግሌ የሚልክ አይጠፋም።

አንድ ቀን የባዮሎጂ አስተማሪያችን ስለ ቫይታሚኖች ያስተምረን ነበር። ኤ ለዓይን፣ ዲ ለአጥንት እያለ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሲ ላይ ደረሰ።

"ይቺ ያነሰችው ሰው ድዱ ያብጣል፣ ይደማል። ሰውነቱ ይበልዛል፣ ጉልበቱ ይዝላል" አለ። "ድሮ ወራት ሙሉ ባሕር ላይ ደረቅ ምግብ ብቻ የሚበሉ መርከበኞችን ይፈጅ ነበር።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የሚያወራው ግን ስለ እኔ ነበር።

ልጆቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረሁ። ምን እንዳልሁት አላስታውስም፤ ሻርፔን ከአፌ ዝቅ ማድረጌን ግን አስታውሳለሁ።

"ምንድን ነው የምትበይው?" አለኝ።

"ድርቆሽ።"

"ሌላስ?"

"በሶ።"

ጎንበስ ብሎ ድዴን አየ። "አይዞሽ፣ የሚድን ነገር ነው። ጤና ጣቢያ ሂጂ። ደግሞ ዛሬውኑ ቃሪያም ትሁን ሎሚ፣ ያገኘሽውን በጥሬው ብዪ።"

ጤና ጣቢያ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ክኒን ሰጡኝ። ለገበያ ቀን ገና አራት ቀን ስለሚቀር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአከራዬን በር አንኳኳሁ።

"እማማ፣ አንዲት ቃሪያ አያጡም?"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ግቢ እንጂ! በር ላይ ቆሞ ቃሪያ ይለመናል እንዴ?"

የጎመን ወጥ አወጡ፤ ቃሪያ በላዩ ከትፈው ሎሚ ጨመቁበት። "ቢስሚላህ" አሉና ፈገግ ብለው፣ "አንቺም በስመ አብ በይ" አሉኝ።

የመጀመሪያው ጉርሻ ድዴን ሲነካው እንደ እሳት ለበለበኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ቃሪያው ብቻ አልነበረም። እዚያ ከተማ ከጥር ጀምሮ ከሰው ጋር አንድ ማዕድ ቀርቤ አላውቅም ነበር።

"አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አብሽሪ" አሉ ውኃ እየቀዱ። "የዘንድሮ ቃሪያ ክፉ ነው።"

በማግሥቱም ጠሩኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሳልጠራ ሄድሁ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ድዴ ገጠመ። ትምህርቴን ጨርሼ እስክወጣ ድረስ ራቴን እሳቸው ዘንድ እበላ ነበር። ስለ ሕመሜ ግን ከአፌ አልወጣም፤ አፈርሁ።

ባለፈው ዓመት ማረፋቸውን ሰምቼ ለለቅሶ ሄድሁ። አንዲት ጎረቤት ስሜን ጠይቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ያች የወግዲ ተማሪ አንቺ ነሽ? ስላንቺ አውርተው አይጠግቡም ነበር" አለችኝ። "'ብቻዬን እንዳልበላ አዝናልኝ እኮ ነው፣ በቃሪያ አመካኝታ በሬን ያንኳኳችው' ይሉ ነበር።"

እንደዚያ እንዳልነበረ ልነግራት አፌን ከፈትሁና ተውሁት።