የተካፈሉት ድንጋይ

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መተኛት የጀመሩት ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን ነው። ሕመሙ ቀኝ ጎናቸውን በድን አድርጎ አንደበታቸውን ይዞታል። እሱስ ይሁን፤ ልጃቸውን ያሸበራት ጺማቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው አገጭ ሲያሳምሩ የኖሩ ጸጉር አስተካካይ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይላጩ ደጅ ወጥተው የማያውቁ ሰው፣ ይኸው ጉንጫቸው ጎፍሮ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር አንሶላውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ። ምግብም መግፋት ጀምረዋል።

ወንድሟ ከሱቅ የፕላስቲክ መላጫ ገዝቶ መጣ። አባት በግራ እጃቸው ተቀበሉና አልጋው ስር ወረወሩት። ኧረ ምን ነካችሁ! ያን ሁሉ ዘመን በገዛ እጃቸው ስለው የላጩ ሰው፣ አሁን በአሻንጉሊት ሊላጩ? የሚፈልጉት የራሳቸውን ምላጭ ነው፤ ከቀንድ እጀታው ውስጥ የሚታጠፈውን። እሱ ደግሞ ከታመሙ ወዲህ የሚስለው ጠፍቶ ደንዟል። ሐኪሙ ልጅቷን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ጠርቶ፣ እንዲህ ምግብ እንቢ እንዳሉ ከቀጠሉ ብዙ እንደማይቆዩ ነግሯታል። ጭንቀቷ ይኸው ነበር፤ አባቷ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ እንዳይሄዱባት።

ልጅቷ አልኩ እንጂ ልጅ እንኳ አይደለችም፤ ልጆቿን ለቁም ነገር ያደረሰች ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ ሲስሉ እያየች ስላደገች ራሷን አመነች። የአባቷን መሳያ ድንጋይ ውሃ አጠጣችው፣ ምላጩን ወዲያ ወዲህ አመላለሰችበት፣ አረፋ ቀባችና ጉንጫቸው ላይ አሳረፈችው። ምላጩ መላጨቱን ትቶ ጸጉሩን ነጨ። ገፋ ስታደርገው ቆዳቸውን ቆረጠ። አባቷ ደሙን በግራ መዳፋቸው ጠርገው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ተመልሰው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እሷም ወጥ ቤት ገብታ ፎጣ አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

በሰፈሩ ምላጭ በድንጋይ መሳል የሚያውቅ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዕድል ሲያላግጥ፣ እሱም አባቷ ያኮረፉት ሰው። ሰፈሩ “ጋሽ ቀስ” ነው የሚላቸው። ሲላጩም ቀስ፣ ሲያወሩም ቀስ፣ መንገድ ሲሻገሩም ቀስ። ሁለቱ ምላጭ መያዝ የተማሩት ከአንድ አስተማሪ ነው፤ ሱቅም የከፈቱት አብረው ነው። አስተማሪያቸው ሲሞቱ አንድ ትልቅ መሳያ ድንጋይ ቢተዉላቸው፣ በመጋዝ ለሁለት ከፍለው ተካፈሉት። ታዲያ አንድ ቀን፣ ሱቁ በሰው ጢም እንዳለ፣ እኚያ ቀስ የሚሉት ሰው አፋቸው አመለጣቸው። “ወንድሜ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ? የሰው ጉሮሮ እኮ ነው የያዝከው!” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀልድ ነበር፤ ግን ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወንበር ቀየሩ። አባቷ ግማሽ ድንጋያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወጡና ከመንገዱ ማዶ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ አንደኛው ያዛጋል፣ ሌላኛው ሰማይ ሰማይ ያያል።

“ጋሼ፣ ምላጭ መሳል ያስተምሩኝ” አለች ልጅቷ፣ የጋሽ ቀስ ሱቅ በር ላይ ቆማ።

ጋሽ ቀስ የያዙትን ደንበኛ ማጅራት ጠራርገው መቀሱን አስቀመጡ። “መምጣትሽን ያውቃል?”

“አያውቁም።”

“እንግዲያው የእሱን ዕቃ አልነካም። የአስተካካይ ዕቃ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም። እጅሽን ግን አስተምረዋለሁ። ነይ፣ ቀስ ብለሽ ግቢ።”

በአሮጌ ምላጭ ጀመሩ። ድንጋይ ላይ ስለቱ ይቀድማል፤ ማለስለሻው ቀበቶ ላይ ግን ጀርባው ነው የሚቀድመው። ሲገለበጥም በጀርባው ነው፤ በስለቱ ከተገለበጠ የተለፋበትን ሁሉ ውሃ በላው። ይህን ነግረዋት ሳይጨርሱ ስለቱን አስቀድማ የቆዳውን ቀበቶ ቦጨቀችው። “አንቺ ሴት! ከቀበቶዬ ቀሚስ ልታወጪ ነው?” አሉ። የስፌት መኪና ያደነደነው እጇ መጫን ይወድ ነበር። “አትጫኚ። ብረቱ የራሱ ክብደት አለው፤ እሱ ይበቃዋል” ይሏታል ደጋግመው። ሌላ ቀን ፊኛ ነፍተው፣ አረፋ ቀብተው፣ ላጪው አሏት። ፊኛው ቷ ሲል አረፋው የጋሽ ቀስን መነጽር ሳይቀር አለበሰው፤ ወረፋ የያዙት ደንበኞችም “ነፍስ ይማር!” እያሉ ተንከተከቱ። እሷም ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ቀስ በቀስ እጇ ገራ። በሱቁ ድንጋይ የሳለችው ምላጭ የክንዷን ጸጉር ሙልጭ አድርጎ ያነሳ ጀመር። ቤቷ ሄዳ የአባቷን ምላጭ በአባቷ ድንጋይ ስትስለው ግን ጫፍና ጫፉ ይቆርጣል፣ መሀሉ ይነጫል። አባቷ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እያለቁ ነው። ከሾርባው ሁለት ማንኪያ ከወሰዱ ትልቅ ነገር ነው።

“ድንጋዩን አምጪው እስቲ” አሉ ጋሽ ቀስ።

አባቷ ድንጋዩን ከማንም በላይ የደበቁት ከእኚሁ ሰው ነው። እንደሌባ ከነጨርቁ ጉያዋ ውስጥ ከትታ አመጣችውና ጠረጴዛው ላይ ገለጠችው። ጋሽ ቀስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉ። “ማበጠሪያውን በጀርባው አቁሚበት” አሏት። አቆመችው። ከማበጠሪያው ስር ብርሃን ያልፋል፤ የድንጋዩ መሀል ጎድጉዷል።

ጋሽ ቀስ መሳቢያቸውን ከፈቱ፣ የራሳቸውን ግማሽ አወጡ፣ ማበጠሪያውን አቆሙበት። እሱም ያው ነው።

“ይህ ድንጋይ ብቻውን አይስተካከልም” አሉ። “ፊት ለፊት አጋጥመን፣ ውሃ እያፈሰስን፣ አንዱን በአንዱ እናሸው ነበር። ከተኳረፍን ወዲህ የቱ ከየቱ ጋር ይታሽ? እሱም በጎድጓዳ፣ እኔም በጎድጓዳ።”

“ታዲያ እርስዎ በምን ሲስሉ ነው የኖሩት?”

“ገና ባልጎደጎደው ጠርዙ። አንቺንም ያስተማርኩሽ በጠርዙ ነው። ሰው እንዳያውቅብኝ።”

“እንሻቸዋ ታዲያ!”

“እሱ ሳይፈቅድ?”

እዚህ ላይ ነደዳት። “ጋሼ፣ ፈቃዱን የምንጠይቀው ከቀበርናቸው በኋላ ነው?”

ጋሽ ቀስ ቀና ብለው አዩዋት። ሽርጣቸውን ፈቱ። ወንበሩ ላይ አንድ ጉንጩ ብቻ የተላጨ ደንበኛ ነበር፤ “መጣሁ” ብለውት የራሳቸውን ድንጋይና ማበጠሪያውን ይዘው ወጡ፤ ልጅቷም የአባቷን ይዛ ተከተለች። መንገዱን ሲሻገሩ፣ እውነቴን ነው፣ ሮጡ።

ክፍሉ ውስጥ አባቷ እንደተለመደው ግድግዳውን ያያሉ። የሰው ኮቴ ሲሰሙ አንሶላውን ሳቡ። ጋሽ ቀስ በር ላይ ቆሙ። ከዚያ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉና ለልጅቷ በሹክሹክታ፣ “የአባትሽን አንቺ ያዢ። እኔ የኔን እይዛለሁ” አሏት። ሳህን ውስጥ ውሃ ቀርቦ ድንጋዮቹ ተጋጠሙ። ማሸት ጀመሩ።

የሁለቱን ድንጋዮች ድምፅ የሰማው ጆሮ አልረሳውም ነበር። የአባቷ ትከሻ ተነቃነቀ። ግራ እጃቸው አንሶላውን ለቀቀ፤ ቀስ ብለው፣ እያቃሰቱ ዞሩ። መጀመሪያ ድንጋዮቹን አዩ፣ ቀጥለው መሬት ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ። ብዙ አዩዋቸው። በመጨረሻ ግራ እጃቸው ከአልጋው ወረደና በገዛ ድንጋያቸው ላይ፣ ከእጇ ጎን አረፈ። እሷ የራሷን እጅ አነሳች። ሁለቱ ሰዎች ማበጠሪያው ብርሃን ማሳለፉን እስኪያቆም ድረስ አሹ።

ምላጩን ሳለችው፤ ስለቱ ቀድሞ፣ በጀርባው እየተገለበጠ፣ ሳትጫን። በቀበቶው አለሰለሰችው። አረፋ ቀባችና ላጨች። ምላጩ ምንም ሳይነጭ ወረደ። ከጎፈረው ጺም ስር የአባቷ ፊት ወጣ፤ ከስቷል፣ ግን የአባቷ ፊት ነው።

አባቷ ጉንጫቸውን ዳበሱ። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ምላጩን ጠየቁ፤ በዓይናቸው ያሳዩት የጋሽ ቀስን ጺም ነው።

“አባዬ፣ ኧረ አይሆንም!” አለች።

ጋሽ ቀስ ግን ገብቷቸዋል። ተነስተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ አረፋውን ራሳቸው ተቀቡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው አገጫቸውን ቀና አደረጉ። አባቷ ምላጩን ጨበጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ያላየው ሰው የለም። ልጅቷ አንጓቸውን ከስር ደገፈች። ስለቱ የጋሽ ቀስ ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ወንድሜ፣ ቀጥል” አሉ።

ምላጩ አንድ ጊዜ፣ ከጉሮሮ እስከ አገጭ፣ ሳይነጭ ሳይቆርጥ ወጣ። አባቷ ምላጩን ለልጃቸው መለሱና የቀረውን እንድትጨርሰው በአገጫቸው ጠቆሟት። ከዚያ አልጋው አጠገብ የቀዘቀዘውን ሾርባ አዩና አፋቸውን ከፈቱ።