ለእንግዳ ያስቀመጥኩት ስኳር

በደርግ ጊዜ ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ ነበር፤ እሱም ከመጣ፣ እሱም ተሰልፎ ነው። በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ቤታችን ደግሞ እንግዳ አያጣም። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባልደረቦቹን አስከትሎ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ ይዞ ይመጣል። ተበልቶ ሲያበቃ ሻይ ይፈላል። ሻዩ ካልጣፈጠ የምትታማው ደግሞ የቤቱ እመቤት ናት። ስለዚህ የደረሰንን ስኳር ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እቆልፍበት ነበር።

አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ የስኳር በሽታ ስላለባቸው ሻይ የሚጠጡት በሳካሪን ነው። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ትልክላቸዋለች። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነጭ እንክብል ናት፤ አንዷ ብቻ ብርጭቆውን ሙሉ ታጣፍጣለች። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ ሻዬ አልጣፈጠኝም ብላ ስታለቅስ ሰሙ።

«ለእሷም ጣል አድርጊላት እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ለሕፃን ምንም አይል፣ አባባ?»

«እኔን ሽማግሌውን ያልገደለ እሷን ምን ያደርጋታል?»

ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከልጄ ይልቅ ለስኳሬ ነው ደስ ያለኝ። ከዚያ ወዲህ ሻይዋም አጥሚቷም በአያቷ እንክብል ሆነ።

ክረምት ላይ ተቅማጥ ያዛት። ምን እንደሚደረግ ጤና ጣቢያ ለእናቶች አስተምረውን ነበር፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ጨውና ስኳር በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ነው። ጨውን በልኩ ጨመርኩ። ስኳሩ ላይ ስደርስ ግን እጄ ወደ ቁልፉ አልሄደም፤ በማግስቱ እንግዶች ነበሩብን። ስኳሩ ውሃው ለልጅ እንዲጥም ብቻ የሚጨመር መስሎኝ የአማቴን እንክብል ጣልኩበት። ወደደችው፤ ጨምሪልኝ እያለች ጠጣች። እኔም ልቤ አረፈ።

ጠዋት ስትነቃ ዓይኗ ጎድጉዷል። ታለቅሳለች፣ እንባ የላትም። አዝያት ጤና ጣቢያ ስሮጥ አንገቷ ወዲያ ወዲህ ይወድቅ ነበር። ነርሷ ምን እንዳጠጣኋት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ስኳር ከቤት ጠፍቶ ነው?»

«አለ» አልኳት።

«ስኳሩ እኮ ለማጣፈጫ አይደለም። ውሃውን አንጀቷ እንዲይዘው ነው» አለች።

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲባል በሰው እየሳቅኩ ነው የኖርኩት፤ ለካ እኔው ነኝ። ልጄ እጇ ላይ ግሉኮስ ተተክሎላት ተኝታ፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ያ ቆርቆሮ ሙሉ መሆኑን ሳስብ አፈርኩ። እንግዳ እንዳያማኝ ስል ልጄን ልቀብር ነበር።

እግዜር ይመስገን፣ ነፍሷ መለስ አለች። ቤት ስንገባ አማቴ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ግንባሯን ሳሟት። አልጋው ላይ አስደግፌያት ቁም ሳጥኑን ከፈትኩና ቆርቆሮውን አወጣሁ። በደከመ ዓይኗ ትከተለኛለች። ማንኪያውን ስኳሩ ውስጥ ሳስገባ፣

«እማዬ፣ እንግዳ መጣ እንዴ?» አለችኝ።

የለም፣ ለአንቺ ነው ልላት ፈለግኩ። እንባዬ ቀደመኝ።