ፈረሱ የጠፋበት ፎቶ

ሮቤ ውስጥ ጀርባ አደብዝዞ ፎቶ በማንሳት የሚስተካከለኝ የለም። ጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት። ረጅሙን ሌንሴን ገጥሜ ሃያ እርምጃ ወደ ኋላ ስሄድ፣ ከማነሳው ተመራቂ ጀርባ ያለው የመብራት ምሰሶ፣ የቆርቆሮ አጥሩ፣ የቆመው ባጃጅ ሁሉ ይሟሟና ፊቱ ብቻ ጥርት ብሎ ይቀራል። ሰውም ካሜራው ሲርቀው ይረሳዋል።

አጋርፋ ሠርግ ላነሳ የሄድኩትም በዚሁ ልበ ሙሉነት ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ሙሽራዋን አጀቡ። ሲመለሱ የሙሽራዋ አባት አሮጌ ፈረሳቸውን እየሳቡ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ከሱ ጋር አንሺኝ። ልጆቼን ሁሉ የዳርኩት በሱ ነው። ዛሬ የመጨረሻዋ ሄደች፣ አልሐምዱሊላህ። እሱም ክረምቱን የሚያልፍ አይመስለኝም።»

ሰማሁ፣ ግን እጄ የለመደውን ሠራ። ፈረሱን ስንዴ ማሳ ዳር አስቆምኩት፤ እሳቸውን አሥር እርምጃ ወደ ፊት አመጣኋቸው። ጢማቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል! ምርቃት እየጠበቅኩ አሳየኋቸው።

ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ፈረሴስ? ኤሳ ጅራ? የታለ?»

ከትከሻቸው በላይ ቡናማ ጭጋግ ብቻ ነበር።

«አባባ፣ እንዲህ የሚደረገው እርስዎ ጎልተው እንዲታዩ ነው» አልኩ።

«እኔን ማን አጣኝ? ወላሂ፣ እኔ የመጣሁት ለሱ ነው።»

ደሜ ፈላ። መጀመሪያ በሳቸው፣ ቀጥሎ በራሴ። ሰውየው የሚፈልጉትን በአፋቸው ነግረውኝ እኔ ሙያዬን ሳሳይ ነበር። ፈረሱን አጠገባቸው አምጥቼ፣ ጉንጫቸውን ከአንገቱ አስጠግቼ ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ አቆምኳቸው። ሌንሱን አልቀየርኩም፤ ጥፋቱ የሌንሱ አልነበረም። ሁለቱም ጥርት ብለው ወጡ። ደስ አላቸው።

«አሁን ደግሞ እሱን ለብቻው» አሉና ልጓሙን ለቀው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ።

የፈረሱ ዓይን ላይ አነጣጠርኩ። ሽማግሌው ከምስሉ የወጡ መስሏቸዋል። አልወጡም ነበር። ከፈረሱ ኋላ፣ በደበዘዘው ስንዴ ውስጥ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው የጋቢውን ጫፍ ወደ ዓይኑ ይወስዳል። እንባው አይለይም፤ ፊቱም አይለይም። እኔ ግን አየሁ፤ ማንሻውን ተጫንኩ።

ያን ፎቶ ሳሳያቸው ከፈረሱ ኋላ ያለውን ነጭ ጋቢ በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ትልቅ አድርጌ እንዳሳትምላቸው የጠየቁኝ እሱን ነው።