ከበሩ በላይ ያለው ድንጋይ

ግንበኛ ተብዬ የዋልኩበት የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ማፍረስ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቦታው ከአዳማ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የአንድ ባላባት ቤተሰብ መቃብር ቤት። የቀበሌው ሊቀመንበር «ድንጋዩ ለኅብረት ሱቅ ይሁን» ብለው አዘዙ።

ካቧችን ጋሽ ዱባለ ለወትሮው ለፍላፊ ናቸው። የዚያን ቀን ግን ግድግዳውን በጣታቸው እየጠቆሙ በአጭር በአጭሩ አስረዱኝ። የአያትየው ክፍል በጭቃ፣ የልጅየው በኖራ፣ የልጅ ልጅየው በሲሚንቶ ነው የተገነባው። ሦስት ትውልድ በአንድ ዙር ጎብኝቼ ጨረስኩ።

የመቃብሩ ጠባቂ እማማ ብርቄ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ቀጭን ክንዴን አዩና «ይሄ ነው የሚያፈርሰው? መጀመሪያ ምሳ አብሉት!» አሉ። ሳቃቸው ውስጥ እንባ ነበረበት። ከዚያ ቤት ሌላ መዋያ አልነበራቸውም።

ግንብ የሚፈርሰው ከላይ ወደ ታች ነው። እኔ ጉልበቴን ላሳይ ብዬ ዲጂኖዬን ከበሩ በላይ ባለው ድንጋይ ሥር ሰካሁት።

«አንተ! ልትደፋብን ነው?» ጋሽ ዱባለ ጮኹ።

ድንጋዩ ሲወልቅ ለሁለት ተቀበልነው። ጀርባው ላይ ስሞች ተቀርጸዋል፤ የመጨረሻው «ዱባለ» ይላል።

«እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ክፍል በተጨመረ ቁጥር ይሄ ድንጋይ ወደ አዲሱ በር ይዛወራል። የሚተክሉት ግንበኞችም ባለቤቱ ሳያይ ስማቸውን ይጽፋሉ። በእጄ የሠራሁትን ላፈርስ መምጣቴ አሳፈረኝ፤ እምቢ ማለት ደግሞ ፈራሁ።»

እኩለ ቀን ላይ ሊቀመንበሩ በብስክሌት መጡ። እኔ ጅሉ ቀደም ብዬ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ ድንጋይ ላይ የባላባት ስም የለም፤ የሠራተኛ ብቻ ነው» አልኳቸው።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይሄ ዱባለ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ ጓድ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «የሠርቶ አደር ሥራ አፍርሼ የሠርቶ አደር ሱቅ ብሠራ መሳቂያ ነው የምሆነው። ድንጋይ ከካባ ተፈልጦ ይምጣ።» እማማ ብርቄ እልል አሉ። እኔም ደስ አለኝ፣ ምንም እንኳ ካባ የሚወርደው እኔ ብሆን።

ጋሽ ዱባለ ድንጋዩን ራሴ እንድመልሰው አዘዙኝ፤ ከጀርባው ስሜንም አስጻፉኝ። የቱምቢ ክር ጥለው ቀጥ ማለቱን ሲለኩት ሁለት ጣት ያህል ተጣሟል።

«ላስተካክለው?» አልኳቸው።

«ተወው። ኋላ የሚያወልቁት ግንበኞች ስምህን ሳያነቡም ያንተ መሆኑን ያውቃሉ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ግንብ አፍርሻለሁ። ዲጂኖ ከማንሳቴ በፊት ግን ማን እንደሠራው እጠይቃለሁ።